ስማችንን የማያውቅ በትር

በ2014 ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ ውስጥ መሸጥ የጀመረውን የሃሪ ፖተር በትር ሰብራችሁ ብታዩት ውስጡ ምንም አታገኙም። ባትሪ የለውም፣ ቺፕ የለውም፣ ሽቦም የለውም። እንጨት የሚመስል ዘንግ ነው፤ ጫፉ ላይ ከጥፍር የምታንስ አንጸባራቂ ነጥብ አለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ዋጋው ያኔ ወደ 45 ዶላር ነበር።

ግን አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ይህንን ዘንግ ይዛ ከአንድ ሱቅ መስኮት ፊት ቆማ እጇን በተነገራት መንገድ ስታወዛውዝ፣ ከመስታወቱ ጀርባ ያለ ላባ ተነስቶ አየር ላይ ይንሳፈፋል። ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ ግማሽ ሴት ግማሽ ዓሣ የሆነች ሐውልት ያለችበት ፏፏቴ አለ፤ እዚያም በትሩ በትክክል ከተወዛወዘ ውሃ ይረጫል። ልጅቷ ዞር ብላ ወላጆቿን ታያለች። ፊቷ ላይ ያለው ነገር "እኔ ነኝ ያደረግኩት" ነው የሚለው።

እኔ በትምህርቴ ኢንጂነር፣ በሥራዬ ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ነኝ። እንዲህ ዓይነት ነገር ሳይ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ጥያቄ "ብልሃቱ የት ነው የተቀመጠው?" የሚል ነው። እጅ ላይ ነው ወይስ ግድግዳው ውስጥ? ሁለተኛው ጥያቄ ግን ቤተሰብ ይዞ ለሄደ ሰው የበለጠ ጉዳይ አለው፤ ይህ በትር የያዘውን ሰው ያውቀዋል ወይ? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ይዘን ወደ ኋላ ብንሄድ ሰባ ዓመት ገደማ ያለው ታሪክ እናገኛለን። ታሪኩ ደግሞ የሚጀምረው ከመዝናኛ ፓርክ ሳይሆን ከሳሎን ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሳሎን የገባው በትር

በ1955 ዜኒዝ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን አምራች "ፍላሽ ማቲክ" የሚባል ዕቃ ገበያ ላይ አዋለ። የፈጠረው ኢንጂነር ዩጂን ፖሊ ይባላል። ዕቃው ሽጉጥ መሳይ የእጅ ባትሪ ነበር። ቴሌቪዥኑ ደግሞ በአራቱ ማዕዘኖቹ ላይ ብርሃን የሚለዩ ሴሎች ነበሩት። ብርሃኑን ወደ አንደኛው ማዕዘን ስታነጣጥሩ ቴሌቪዥኑ ይበራል ወይም ይጠፋል፤ ወደ ሌላኛው ስታዞሩት ድምፁ ይዘጋል፤ በቀሩት ሁለቱ ቻናሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይዞራል። ሰው ከሶፋው ሳይነሳ፣ ምንም ሽቦ ሳይነካ፣ እጁን ዘርግቶ ከክፍሉ ማዶ ያለ ነገር አዘዘ። ይህ እንግዲህ በትር ካልሆነ ሌላ ምን ሊባል ነው?

ችግሩ ፀሐይ ነበረች። ሴሎቹ የእጅ ባትሪ ብርሃንን ከፀሐይ ብርሃን መለየት አይችሉም። በመስኮት የገባ ጨረር ማዕዘኑን ከመታው ቴሌቪዥኑ ማንም ሳያዘው ቻናል ይቀይራል።

በዓመቱ፣ በ1956፣ እዚያው ዜኒዝ ውስጥ ሮበርት አድለር ሌላ መንገድ ይዞ መጣ። "ስፔስ ኮማንድ" የተባለው የእሱ ሪሞት ውስጥ ቀጫጭን የአሉሚኒየም ዘንጎች አሉ። ቁልፉን ስትጫኑ ትንሽ መዶሻ ዘንጉን ትመታለች፤ ዘንጉ የሰው ጆሮ የማይሰማው ከፍ ያለ ድምፅ ያወጣል፤ ቴሌቪዥኑ ይሰማዋል። ሪሞቱ ባትሪ አልነበረውም። ምክንያቱን ልብ በሉት፤ የኩባንያው የሽያጭ ሰዎች ባትሪ ያለቀበት ደንበኛ ቴሌቪዥኑ ተበላሸ ብሎ ያስባል የሚል ስጋት ስለነበራቸው ነው። እጅ ላይ ያለው ነገር ቀላልና የማይሞት ይሁን፣ ውስብስቡ ነገር ማዶ ይቀመጥ አሉ።

ይህንን ሐሳብ ያዙልኝ። ከ58 ዓመት በኋላ ኦርላንዶ ላይ ተመልሶ ይመጣል። በመሃል ግን ታሪኩ ተቃራኒውን መንገድ ሄዷል።

ስም ያለው በትር

በ2003 ማይክሮሶፍት የምርምር ክፍል ውስጥ አንድሩ ዊልሰንና ስቲቨን ሻፈር "ኤክስዋንድ" የሚባል በትር ሠሩ። የፓርክ መጫወቻ አልነበረም፤ የቤት ውስጥ ዕቃ ማዘዣ ነበር። ወደ መብራቱ ጠቁመህ እጅህን ስታንቀሳቅስ መብራቱ ይበራል። በትሩ ግን በውስጡ ዘንበል ማለቱንና አቅጣጫውን የሚለኩ ሴንሰሮች፣ የኢንፍራሬድ መብራትና የሬዲዮ ማስተላለፊያ ታጭቀውበት ነበር። ብልሃቱ እጅ ላይ ወጣ ማለት ነው።

በዚያው በ2003 ዲዝኒ ፍሎሪዳ ባለው ፓርኩ "ፓል ሚኪ" የሚባል አሻንጉሊት ያቀርብ ጀመር። በየቦታው የተደበቁ ማስተላለፊያዎች የኢንፍራሬድ ምልክት ይልካሉ፤ አሻንጉሊቱ በደረሰበት ቦታ ልክ ስለ ቦታው ያወራል፣ ይቀልዳል። የድሮው የፓርክ ማስታወሻ ዕቃ፣ ኮፍያውም የቁልፍ መያዣውም፣ ዋጋ የሚኖረው ቤት ከተመለሱ በኋላ ነው፤ "ሄደን ነበር" ለማለት። ፓል ሚኪ ግን እዚያው፣ በጉብኝቱ መሃል የሚሠራ ማስታወሻ ነበር። ይህ ለንግዱ ትልቅ ለውጥ ነው። ዕቃው በመውጫው በር ሳይሆን በመግቢያው በር የሚገዛ ሆነ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2005፣ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ሜርትል ቢች በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ "ማጂክዌስት" ተከፈተ። የሠራው ክሪኤቲቭ ኪንግደምስ የተባለ ኩባንያ ነው፤ ከመሥራቾቹ መካከል ዴኒስ ዌስተንና ሪክ ብሪግስ ይገኙበታል። ጨዋታው አንድ ትልቅ ቤት ሙሉ ነው። ልጁ በትር ይገዛል፣ ማሽን ላይ ይመዘገባል፣ የተጫዋች ስም ያወጣል። ከዚያ ሳጥን ላይ፣ ሥዕል ላይ፣ የዛፍ ግንድ ላይ በትሩን ያወዛውዛል። ሳጥኑ ይከፈታል፣ ሥዕሉ ያናግረዋል፣ ተልዕኮ ይሰጠዋል።

አሠራሩ ለዴቨሎፐር ግልጽ ነው። በትሩ ውስጥ ባትሪ፣ መወዛወዙን የሚያውቅ ማብሪያና ማጥፊያ፣ እና እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት ያለ የኢንፍራሬድ መብራት አለ። ሲወዛወዝ መብራቱ አንድ ቁጥር ይልካል። ቁጥሩ የዚያ በትር ብቻ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ተቀባይ ቁጥሩን ለሰርቨር ያቀብላል፤ ሰርቨሩ ዳታቤዙን አይቶ "ይህ እገሌ ነው፣ ሦስተኛው ተልዕኮ ላይ ነው፣ ሳጥኑን ክፈቱለት" ይላል። ልጁ በዓመቱ ያንኑ በትር ይዞ ቢመለስ ካቆመበት ይቀጥላል።

ደስ የሚል ሲስተም ነው፣ አይካድም። ልጅ "አስታወሰኝ" ሲል ያለውን ደስታ ማንም ያውቀዋል። ጨዋታው በኋላ ግሬት ዎልፍ ሎጅ በሚባሉት የቤተሰብ ሆቴሎች በኩል በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ተስፋፍቷል። ነገር ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ ሕግ ይዞ መጥቷል፤ አንድ በትር ማለት አንድ ልጅ ማለት ነው። ወንድምህ በትርህን ይዞ ቢያወዛውዝ ሳጥኑ የሚያየው አንተን ነው። እሱ የለም።

ካሜራውን ያዞረው ተማሪ

በ2006 መጨረሻ ኒንቴንዶ "ዊ" የተባለውን የጌም ማሽን አወጣ። ሪሞቱን እንደ ራኬት፣ እንደ ሰይፍ ታወዛውዙታላችሁ። ብዙ ሰው ቴሌቪዥኑ ላይ የሚቀመጠው ረዘም ያለ ዕቃ ካሜራ ይመስለው ነበር። አይደለም፤ እሱ መብራት ብቻ ነው። ካሜራው ያለው ሪሞቱ ውስጥ ነው። ሪሞቱ ሁለት የኢንፍራሬድ መብራቶችን አይቶ የት እንዳለ ያሰላል። ክሪኤቲቭ ኪንግደምስ ይህ የእኛ የፈጠራ መብት ነው ብሎ በ2011 ለአሜሪካ ዓለም አቀፍ ንግድ ኮሚሽን አቤት ብሎ ነበር፤ ኮሚሽኑ ለኒንቴንዶ ፈረደ፣ በ2014 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም ውሳኔውን አጸና። ከአስማቱ ጀርባ ያለው ገንዘብ ምን ያህል እንደሆነ ይህ ክርክር ራሱ ይናገራል።

ለታሪካችን ግን ከክርክሩ በላይ የሚያስፈልገን አንድ ተማሪ ነው። በ2007 መጨረሻ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ጆኒ ሊ አንድ ቪዲዮ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀ። የዊን ሪሞት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው፣ ካሜራው ወደ ራሱ እንዲያይ። አጠገቡ ኢንፍራሬድ የሚያበሩ ትናንሽ መብራቶች ደረደረ። ጣቶቹ ላይ የሚያንጸባርቅ ፕላስተር ለጠፈ። ብርሃኑ ከመብራቶቹ ተነስቶ ጣቱን መትቶ ወደ ካሜራው ይመለሳል፤ ኮምፒውተሩ ጣቱን ይከተላል። ጣቱ ላይ ምንም ኤሌክትሮኒክስ የለም። ጆኒ ሊ በኋላ ማይክሮሶፍት ገብቶ ኪኔክት ላይ ሠርቷል።

ካሜራውን ከእጅ አውጥቶ ማዶ አስቀመጠው፤ እጅ ላይ የቀረው የሚያንጸባርቅ ቁራጭ ብቻ። የአድለር ሐሳብ ተመለሰ ማለት ነው።

የጅብ ዓይን

ይህ እንዲሠራ ግን አንጸባራቂው ተራ መስታወት መሆን የለበትም። መስታወት ላይ በአግድም ብርሃን ብትልኩ ብርሃኑ ወደ ሌላ ጎን ይሄዳል። የሚያስፈልገው ብርሃኑን ከየትም ይምጣ ከየት ወደ መጣበት አቅጣጫ የሚመልስ ነገር ነው።

ይህንን ነገር አገራችን ውስጥ በሌሊት በመኪና የሄደ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የጅብ ዓይን ነው። የመኪናው መብራት ሲያርፍበት ሁለት ነጥብ ጨለማው ውስጥ ቦግ ይላል። ከመኪናው አጠገብ፣ በጎን የቆመ ሰው ያንን ያህል አያየውም፤ ብርሃኑ የሚመለሰው ወደ መብራቱና ከመብራቱ ኋላ ወደተቀመጠው ሾፌር ነውና። የድመትም ዓይን እንዲሁ ነው። በ1934 ፐርሲ ሾው የተባለ እንግሊዛዊ በዚህ ሐሳብ የመንገድ መሃል ላይ የሚተከል አንጸባራቂ ሠርቶ የፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ እስካሁን ስሙ "የድመት ዓይን" ነው። የትራፊክ ፖሊስ ሰደርያ ላይ ያለው ብርማ ጨርቅም የዚሁ ዘመድ ነው።

የዚህ ቤተሰብ አንድ አባል ያለው ጨረቃ ላይ ነው። በ1969 የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች 100 ትናንሽ የመስታወት ፕሪዝሞች የተደረደሩበት ሰሌዳ እዚያ ትተው መጡ። ሳይንቲስቶች ከምድር ሌዘር ይልካሉ፣ ሰሌዳው ይመልሰዋል፣ ብርሃኑ ደርሶ የተመለሰበትን ጊዜ ለክተው የጨረቃን ርቀት ያሰላሉ። ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዛሬም ይሠራል። የሚያልቅ ባትሪ የለውም፣ የሚዘጋ ሰርቨር የለውም።

አሁን ወደ ኦርላንዶ እንመለስ። ዩኒቨርሳል የሃሪ ፖተርን የመጀመሪያ መንደር፣ ሆግስሚድን፣ እዚያ የከፈተው በ2010 ነው፤ ዳያገን አሌይ የሚባለውን ሁለተኛውን ሰፈር ደግሞ በሐምሌ 2014። ባለ ነጥቧ በትር የመጣችው ከሁለተኛው ጋር ነው። መሬቱ ላይ የነሐስ ምልክት አለ፤ እዚያ ላይ ትቆማላችሁ። ምልክቱ እጃችሁን እንዴት እንደምታንቀሳቅሱ በመስመር ያሳያል። መስኮቱ ውስጥ ኢንፍራሬድ መብራትና ካሜራ ተደብቀዋል። ኢንፍራሬድ የምንለው ዊልያም ሄርሼል በ1800 በቴርሞሜትር ያገኘው፣ ከቀዩ ብርሃን ቀጥሎ ያለውና ዓይናችን የማያየው ብርሃን ነው። እናንተ ምንም አታዩም፤ ለካሜራው ግን የበትራችሁ ጫፍ ልክ እንደ ጅብ ዓይን ቦግ ትላለች። ፀሐይ ውስጥም ብዙ ኢንፍራሬድ አለ፤ ስለዚህ የዩጂን ፖሊ የድሮ ባላጋራ ለእንዲህ ዓይነት መስኮት ዛሬም ባላጋራ ናት።

የቀረው የኮድ ሥራ ነው። ካሜራው በሰከንድ ብዙ ጊዜ የነጥቧን ቦታ ይመዘግባል፤ ያ ማለት የቁጥር ጥንዶች ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ከተፈለገው ቅርጽ ጋር ይመሳሰላል ወይ? ለዚህ ዓይነት ጥያቄ በጣም የታወቀውና ቀላሉ መንገድ በ2007 የወጣው "ዋን ዶላር" የተባለው ዘዴ ነው። ከጻፉት ሦስት ሰዎች አንዱ ያው ኤክስዋንድን የሠራው አንድሩ ዊልሰን ነው፤ ሌሎቹ ጄከብ ዎብሮክና ያንግ ሊ ናቸው። የተሣለውን መስመር በእኩል ርቀት ወደ ተቀመጡ ነጥቦች ትለውጡታላችሁ፣ ለምሳሌ 64። ታዞሩታላችሁ፣ መጠኑን ታስተካክላላችሁ፣ መሃል ላይ ታስቀምጡታላችሁ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ናሙና ጋር ነጥብ በነጥብ ርቀቱን ትለካላችሁ። የቀረበው ያሸንፋል። 100 መስመር ገደማ ኮድ ነው፤ ስሙም የመጣው ከርካሽነቱ ነው።

ይህንን የተረዳ ሰው አስማቱ ለምን አንዳንዴ እንደሚከሽፍም ይገባዋል። ካሜራው የሚያየው ክልል ጠባብ ነው። ክንዱን ሙሉ እያወናጨፈ የሚታገል ልጅ ነጥቧን ከክልሉ ያወጣታል። በእጅ አንጓ ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ አየር ላይ እንደሚጽፍ ሰው የሚያንቀሳቅስ ይሳካለታል። ሁለት ልጆች አብረው ካወዛወዙ ደግሞ ካሜራው ሁለት ነጥብ ያያል፤ የማንን መስመር ይከተል? ስለዚህ ተራ መጠበቅ የመጣው ከጨዋነት ብቻ አይደለም።

አንድ በትር ለሦስት ልጅ

ሰፈሩ ውስጥ ኦሊቫንደርስ የሚባል የበትር ሱቅ አለ። ጥቂት ሰዎች እየተመረጡ ወደ ጨለም ያለች ክፍል ይገባሉ፤ ሻጩ ከመካከላቸው አንድ ሰው ይመርጣል፣ ብዙ ጊዜ ልጅ ነው። አንዱን በትር ይሰጠዋል፣ ነገር ይበላሻል። ሌላ ይሰጠዋል፣ ያም አይሆንም። በመጨረሻ ብርሃን ይበራል፣ ሙዚቃ ይነሳል፤ በትሩ ልጁን መረጠው ይባላል። ከዚያ በሩ የሚከፈተው ወደ መሸጫው ነው፤ የተመረጠ ልጅ ወላጅ ሒሳብ ይከፍላል። በትሩ የሚሰጥ ነገር አይደለም። በንግድ ዓይን ካያችሁት ከዚህ የተሻለ የመሸጫ ዘዴ በቀላሉ አይገኝም፤ ሕዝብ ፊት "አስማት መረጠህ" የተባለን ልጅ "መልሰው" የሚል አባት ማነው?

ባለፈው ሰመር ቨርጂኒያ ከሚኖሩት ከእህቴና ከልጆቿ ጋር፣ እማዬም አብራን፣ እዚያ ሄደን ነበር። ልጆቹ 12፣ 9 እና 5 ዓመታቸው ነው። እህቴ ዋጋውን አይታ "ለእንጨት? ለዚያውም እንጨት ላልሆነ እንጨት?" አለች። ሦስት በትር ማለት ለቤተሰቡ የአንድ ቀን ምግብ ነው። አንድ ተገዛ።

ከዚያ በኋላ ያየሁት ነገር ነው ይህንን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ። ትልቋ ካርታ ያዢ ሆነች፤ ቦታዎቹን እሷ ነበረች የምታገኘው። መካከለኛው የመሬቱን ምልክት እያነበበ "መጀመሪያ ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ጎን" ይላል። ትንሹ ያወዛውዛል፣ ይከሽፍበታል፣ ያለቅሳል፤ በትሩ ለእህቱ ይሰጣል፣ ተመልሶ ይመጣለታል። ፏፏቴው ጋ ስንደርስ ትንሹ በትሩን ለእማዬ ዘረጋላትና "እማማ፣ ያንቺ ተራ ነው" አላት። እማዬ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለስ አድርጋ፣ ቡና እንደምትቀዳ ሰው እጇን አረጋግታ አንድ ጊዜ አንቀሳቀሰችው። ውሃው ተረጨ። "እሰይ!" አለች፣ ልክ ሁልጊዜ የምትሠራው ሥራ ይመስል።

መስኮቱ ማን እንደያዘው አልጠየቀም። የልጅም የአያትም እጅ ለካሜራው አንድ ነጥብ ነው። ስም የለም፣ ዕድሜ የለም፣ "ይህ በትር የሌላ ሰው ነው" የሚል መልእክት የለም። ያው አንድ ትሪ የሚቀርብለት ቤተሰብ አንድ በትርም መካፈል አያቅተውም፤ ዕቃው ከፈቀደለት። ይህኛው ፈቀደ። የማጂክዌስት በትር ቢሆን ኖሮ ሦስቱ ልጆች የሠሩት ሥራ ሁሉ በአንድ ልጅ ስም ይመዘገብ ነበር፤ እማዬም በልጁ ስም ነበር ውሃ የምትረጨው።

አንጓ ላይ ያለው መዝገብ

ፓርኮቹ በአብዛኛው የሄዱት ግን ወደ መዝገቡ ነው። ዲዝኒ በ2012 ፍሎሪዳ ውስጥ የጀመረው የአስማተኞች ካርድ ጨዋታ በመሃል የቆመ ነበር። አንድ ቁልፍ ካርድ ተጫዋቹን ለሲስተሙ ያስተዋውቃል፤ የአስማት ካርዶቹን ደግሞ ካሜራ ነው የሚያነባቸው። የአስማት ካርዶቹ ስም አልነበራቸውም፣ የመግቢያ ትኬት ላለው ሰው በነፃ ይሰጡ ነበር፤ ስለዚህ ልጆች ይለዋወጧቸው ነበር። ጨዋታው በ2021 ተዘጋ።

በ2013 ዲዝኒ "ማጂክባንድ" የሚባለውን የእጅ አንጓ ማሰሪያ አመጣ። ውስጡ ሬዲዮ ቺፕ አለ። የሆቴል በር ይከፍታል፣ ፓርክ ያስገባል፣ ሒሳብ ይከፍላል። ጠቅላላ ሲስተሙ ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር እንደፈጀ በወቅቱ በሰፊው ተዘግቧል። በ2021 ደግሞ ዩኒቨርሳል ኦሳካ፣ ጃፓን ውስጥ የኒንቴንዶን መንደር ሲከፍት "ፓወር አፕ ባንድ" የሚባል ማሰሪያ አቀረበ። ብሎክ ትመታላችሁ፣ ሳንቲም ታገኛላችሁ፣ ቁጥሩ ስልካችሁ ላይ ባለው አፕ ይመዘገባል፣ ደረጃችሁ ይወጣል። ማሰሪያው አንጓ ላይ ነው፤ የአንድ ሰው አንጓ ላይ።

በዚህ ውስጥ ያለውን ጥቅም አልክድም። ነጥብ ካልተቆጠረ ውድድር የለም፤ ካልታወሰ ቀጣይ ምዕራፍ የለም። መስመር ላይ ሁለት ሰዓት የሚያስቆም ፓርክ ሰው የት እንደሚበዛ ቢያውቅ ለሁሉም ይጠቅማል። እኔ ራሴ ቀኑን ሙሉ የምሠራው ሥራ ተጠቃሚን መለየትና መመዝገብ ነው።

ዋጋው ግን ከዶላር ሌላ ነው። ዕቃው ስም ሲኖረው ቤተሰብ ወደ ነጠላ ሰዎች ይበተናል። ሦስት ልጅ ሦስት ማሰሪያ ይፈልጋል፤ የሌለው ልጅ አጠገብ ቆሞ ይመለከታል። አያት ለመሞከር መመዝገብ አለባት። ስም በሌለው በትር ዘመን ግን ያው ልጅ "እስቲ አንዴ ስጠኝ" ማለት ይችላል፤ ይህች ዓረፍተ ነገር የልጅነት ግማሽ ናት።

የግድግዳው ሚስጥር

ብዙዎቻችን ዕቃ በሻንጣ የሚላክላቸው ሰዎች ነን። የኦርላንዶውም በትር በሻንጣ አዲስ አበባ መድረስ ይችላል። እዚህ ሲደርስ ግን ዘንግ ብቻ ነው። ብታወዛውዙት ማንም አይሰማውም፤ ብልሃቱ ሁሉ ባሕር ማዶ፣ ግድግዳ ውስጥ ቀርቷል።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ያሳዝን ነበር። አያልቅም ግን። ቁጥር የሚልክ በትር ቢሆን ቁጥሩን የሚያውቅ ሰርቨር ያስፈልገው ነበር፤ ሰርቨሩም የኩባንያው ነው። ይህኛው በትር ግን የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ርካሽ ዌብካም ግዙ። ሌንሱ ጀርባ ያለችውን ኢንፍራሬድ የምትከለክል ቀጭን መስታወት አውጡ። በምትኩ የሚታየውን ብርሃን ለመከልከል ብርሃን አግኝቶት የታጠበ የድሮ ፎቶ ፊልም ጥቁሩን ክፍል ለጥፉበት። ዙሪያውን ጥቂት የኢንፍራሬድ ኤልኢዲዎች ደርድሩ፤ ኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ዘንድ በትንሽ ዋጋ ይገኛሉ። ኦፕን ሲቪ የሚባለው ነፃ ላይብረሪ ነጥቧን ይከተልላችኋል። ቅርጹን ለመለየት ያ 100 መስመር ኮድ ይበቃል። ይህን ሠርተው በገዛ ቤታቸው መብራት የሚያበሩ ሰዎች አሉ። በትሩ ራሱ ከሌላችሁ እርሳስ ላይ የሰደርያ አንጸባራቂ ቁራጭ ለጥፉ፤ ካሜራው ልዩነቱን አያውቅም።

ስትሠሩት ደግሞ መጀመሪያ የሚመጣባችሁን ነገር አውቃለሁ፤ እኛ ዴቨሎፐሮች ከሁሉ በፊት የምንሠራው የመግቢያ ገጽ ነው። ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የይለፍ ቃል። እስቲ አንዴ ቆም ብላችሁ ይህ ነገር እንዲሠራ የሰውየው ስም የግድ ያስፈልጋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ፍላሽ ማቲክ አላስፈለገውም። ጨረቃ ላይ ያለው ሰሌዳ የላከበትን ላብራቶሪ ሳይጠይቅ ይመልሳል። የማያስፈልግ ከሆነ ተዉት፤ ሰፈር ውስጥ ያሉት ልጆች ሁሉ በአንድ እርሳስ ተራ በተራ ይጫወቱ።